ዝናቡ እኛ ጋ አልዘነበም ነበር

ሰኔ ሳይገባ ይህን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። የምጽፈው ግንቦት 2014 ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወንዛችንም ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ቀጭን ውሃ ሆኗል። እንዲህ ሲታይ ማንንም አያሰጋም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልሰጋው ኖሬያለሁ።

የምንኖረው መሃል አዲስ አበባ ነው። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር። የቀበሌ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። ከበራችን እስከ ወንዙ አፋፍ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እናቴ እኛን ያሳደገችው እዚሁ ነው፣ እኔም አግብቼ ልጆቼን ይዤ ከእሷ ጋር ነው ያለሁት። ጎርፍ በተነሳ ቁጥር በቤታችን የሚባለው አንድ ነገር ነበር፦ «እዚህ ቤት ውሃ ገብቶ አያውቅም።» እውነት ነው፣ ገብቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ስህተታችንም ይኸው ነበር። እኛ የምናስበው የድሮውን ወንዝ ነው። ከላያችን ያለው አገር ግን ተለውጧል። ድሮ ሣርና አፈር የነበረው አስፋልትና ኮንክሪት ሆኗል፣ ውሃ የሚሰርግበት ቦታ ጠቧል። አፋፉ ላይ የግንባታ ፍርስራሽ ተደፍቶ ወንዙን አጥብቦታል። ድልድዩ ሥር ፌስታሉና የውሃ ፕላስቲኩ ተከምሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን በየቀኑ እያለፍን እናየው ነበር፣ ግን ከቤታችን ጋር አላገናኘነውም።

ቀኑ ነሐሴ 2011፣ የፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ጠዋት ካፊያ ቢጤ ጣል ጣል አድርጎ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ዕድሌ ነው ብዬ የልጆቹን ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ እህል ልትቀምስ ገና እጇን መታጠቧ ነው። ቀና ስል እንጦጦ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ከሰል ይመስላል። አየሁትና «እዚያ እየጣለ ነው» ብዬ ልብሴን መስጣት ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይህ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ መሃል ከተማው ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ያለው በጣም አጭር ርቀት ውስጥ ነው። ግንፍሌም በሉት ቀበና፣ ባንተ ይቀጡም ሆነ ሌሎቹ ወንዞቻችን ረጋ ብለው ሜዳ ለሜዳ የሚመጡ አይደሉም። ተራራው ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ተሰብስቦ፣ ተወርውሮ ነው የሚደርሰን። ስሙም ለዚህ ነው ደራሽ ውሃ የሚባለው። ስለዚህ እናንተ ሰፈር ፀሐይ መውጣቷ ምንም ማለት አይደለም። ማየት ያለባችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ወንዛችሁ የሚነሳበትን ነው።

መጀመሪያ የተለወጠው ሽታው ነው። የእርጥብ አፈርና የፍሳሽ ሽታ ተቀላቅሎ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ውሃው ቀለሙን ቀይሮ ቡና መሰለ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ የውሃ ድምፅ አይደለም፣ ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማ ጉርምርምታ ነው። ልጆቹ ሊያዩ ወደ አፋፉ ሮጡ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወጥቶ ቆሟል። አንድ የፕላስቲክ ወንበር እየተገለባበጠ ሲያልፍ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኛም ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ቆመን የተመለከትንባቸው እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው መውጫ ጊዜያችን የነበሩት። ሽታው፣ ቀለሙ፣ የድንጋዩ ድምፅ፣ እነዚህን ሦስቱን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ቆማችሁ አትዩ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሽዬ የምንላቸው አዛውንት ናቸው ያነቁን። «ምን ታያላችሁ? ልጆቹን ወደ አስፋልቱ አውጡ!» ብለው ጮኹ። ባለቤቴ ልጆቹን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ ወደ ላይ ላካቸው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። እኛ ግን ተመልሰን ወደ ቤት ገባን። ቴሌቪዥኑን ቁምሳጥን ላይ እናውጣ፣ ፍራሹን አልጋ ላይ እንደርብ፣ የጤፉን ማዳበሪያ ጠረጴዛ ላይ እንጫን እያልን ስንሯሯጥ ደቂቃው ነጎደ። ውሃ በበር ይገባል ብዬ በሩ ሥር ብርድ ልብስ ጠቅጥቄ ነበር። እሱ ግን የመጣው ከኋላችን ነው። የመታጠቢያው ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ቡልቅ ብሎ ገነፈለ፣ ሽንት ቤቱም ተከተለ። በአንድ ትንፋሽ ቁርጭምጭሚታችን ተዋጠ። ወንዙን ግንፍሌ እያልን ስንጠራው ኖረን ስሙን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ፍሪጁ ተሰክቷል። የእንጀራ ምጣዱ መሰኪያ ወለል ላይ ነው፣ የማከፋፈያው ገመድም አልጋ ሥር ነው። ባለቤቴ እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ብሬከሩን ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። ጋሽዬ በር ላይ ሆነው «አትንካ! ውጣ!» አሉት። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በቆመበት ደነገጠና እጁን ሰበሰበ። በኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲነግረን፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር መንካት ከጎርፉ በፊት ሊገድል ይችላል። ብሬከሩን የምታወርዱት ውሃው ሳይገባ፣ እግራችሁ ደረቅ ሳለ ነው። ውሃው ከቀደማችሁ ግን ተዉት። ቤቱ እንዳለ ይቅር፣ ውጡና ለመብራት ኃይል በ905 ደውሉ።

እናቴ አልወጣም አለች። ወረቀቶቹ ያሉበት የእንጨት ሳጥን አልጋዋ ሥር ነው። «እሱን ሳልይዝ የትም አልሄድም» አለች። ሳጥኑን ለመሳብ ስንጎነበስ ውሃው ጉልበታችን ደርሶ ነበር። ባለቤቴ እናቴን አዘላት፣ እኔ ሳጥኑን ተሸከምኩ። ሳጥኑ ግን ከሥሩ ረጥቦ ስለነበር መሃል ቅያሱ ላይ ተከፈተ። ግማሹን አፈስኩ፣ ግማሹ ሄደ።

ቅያሱ ራሱ ወንዝ ሆኗል። ጋሽዬ ከፊት ከፊት እየሄዱ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ መሩን። ለምን እንደሚነኩ ያኔ አልገባኝም። ከእኛ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ከዘራቸው ስምጥ አለ፤ የቱቦው ክዳን ተነስቶ ቀዳዳው በጭቃ ውሃ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ በፊት ከጎረቤታችን የድንጋይ አጥር ጀርባ እንጠለል ብዬ ነበር። ደቂቃም ሳይቆይ አጥሩ ውሃውን አቁሮ አቁሮ ሙሉ በሙሉ ተደረመሰ። የአጥር ድንጋይ የያዘው ውሃ ሲለቀቅ ከወንዙ ይብሳል። ከአጥር ጀርባ አትጠለሉ። የሚሮጥ ውሃ ደግሞ በጥልቀቱ አይለካም፤ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን አነስተኛ መኪና ይወስዳል። መኪና ያላችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ውሃ አስፋልቱን ከሸፈነው አትግቡበት፣ ዙሩ።

ወደ አርባ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ውሃው ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዜና አልተነገረም። ሰው አልሞተብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤታችን ውስጥ ግን ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ ጭቃ ነበር። በጾም የገዛነው ጤፍ አብጦ ማዳበሪያውን ቀዶታል።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ወረቀቱ ነው። ማታ ዘመድ ቤት ሆነን እናቴ ያተረፍነውን ወረቀት ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው፣ ልክ ድርቆሽ እንደሚሰጣ። የኪራይ ደብተሩ ቅጠሎች ተጣብቀዋል፣ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ፈስሶ ጽሑፉን በልቶታል። የልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስሙ ጠፍቶ ቀኑ ብቻ ቀርቷል። የአባቴ አንድ ፎቶ ነበር። እናቴ በቀሚሷ ጫፍ ልታደርቀው ስትነካው ፊቱ በጣቷ ላይ ተነሳ። ምንም አላለችም። ጣቷን እያየች ብዙ ቆየች።

ወረቀት ማውጣት ያለውን ውጣ ውረድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደ ወረዳ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። አንዱን ለማውጣት ሌላውን አምጪ ይሉሻል፣ ሌላው ደግሞ የጠፋው ራሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ዛሬ ማታ መታወቂያችሁን፣ የቤት ካርታችሁን ወይም የኪራይ ደብተራችሁን፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተሩን በስልካችሁ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰውም ላኩለት። ስልኩ ራሱ ውሃ ቢበላው ፎቶው ይኖራል። ዋናውን ወረቀት ደግሞ በሁለት ፕላስቲክ ደራርባችሁ አልጋ ሥር ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ ስቀሉት። የአባትና የእናታችሁንም ፎቶ አትርሱ። ወረዳ እሱን መልሶ አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ከጎርፉ የባሰው ከጎርፉ በኋላ ነው የመጣብን። በሦስተኛው ቀን ጭቃውን ጠርገን ቤታችን ተመለስን። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤቱ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ከሰል በደንብ አያይዤ አስገባሁና በርና መስኮቱን ዘጋሁ። ጢስ የለውም፣ ፍም ሆኗል፣ ምንም አይልም ብዬ ነው። ሌሊት ትንሹ ልጄ እያስታወከ ነቃ። ራሴን ሊፈነዳ ሲል ይሰማኛል። ለመነሳት ስሞክር ጉልበቴ ከዳኝ። እየዳህኩ ደርሼ በሩን ከፈትኩት። ንጹህ አየር ሲነካን ነው ነፍስ የዘራነው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ የነገረችኝ፣ የፈካ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ልጁ ባያስታውክ ኖሮ ሁላችንም እንደተኛን እንቀር ነበር። እባካችሁ፣ ቤት ለማድረቅም ሆነ ለመሞቅ ከሰል አስገብታችሁ በር አትዝጉ። ቤት የሚደርቀው በነፋስ ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በርና መስኮት ክፈቱ፣ ምንጣፍና ፍራሽ አውጡ፣ ካልደረቀም ዘመድ ቤት ሁለት ቀን ጨምሩ። ጭቃውንም ሳይደርቅ በአካፋ አውጡት፤ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው። ከማጽዳታችሁ በፊት ግን ጉዳቱን በፎቶ አንሱ፣ ለወረዳውም ለእድሩም ይጠቅማችኋል።

ውሃውንም ልጨምር። የጎርፍ ውሃ የሽንት ቤት ውሃ ነው። የነካውን ምግብ ጣሉ፣ ቢያሳዝንም ጣሉት። እኛ ጤፉን አጥበን እናድርቀው ብለን ስንከራከር ጎረቤቴ ነጥቃ ደፋችው፣ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ክረምት የአተት ጊዜ ነው። የሚጠጣ ውሃ ስታፈሉ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቆዩበት። አንድ ደቂቃ ይበቃል የሚባለው ዝቅ ላለ አገር ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር ተጠቀሙ፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጉ። ስትጠርጉም ቦቲ ጫማና ጓንት አድርጉ፣ ወለሉን በበረኪና ጨርሱት።

እህቴ ሂዩስተን ነው የምትኖረው፣ አሜሪካ፣ ከባሕረ ሰላጤው ብዙም ሳይርቅ። የሆነውን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ነሐሴ 2009 ሃርቪ የሚባለው ሃሪኬን ሲመታቸው እሷም ሌሊት በውሃ ውስጥ ወጥታ ነበር። በዚያ ማዕበል በጥቂት ቀን ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የወረደበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 1,200 ገደማ ነው። እነሱ ጋ የሃሪኬን ወቅት በፈረንጆች ጁን 1 ይጀምራል፣ በእኛ ግንቦት 24 ማለት ነው። እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ነፋሱ ስም ቢያወጣም ብዙ ሰው የሚገድለው ውሃው ነው አለችኝ። ከዚያ የተናገረችውን ግን አልረሳውም። «እኛ ማዕበሉ ባሕር ላይ ሳለ ጀምሮ በሳተላይት እናየዋለን፣ ለመዘጋጀት ቀናት አሉን። እናንተ ያላችሁ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ምንም ነገር እንዳትወስኚ። የምትወስኚውን ሁሉ ቀድመሽ ወስነሽ ቁጭ በይ።»

እኛም የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ቀድሞ ያወጣልናል፣ መከታተሉ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግንፍሌ ይሞላል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ ናት፣ እንጦጦ ግርጌ። «እናንተ ጋ ዶፍ ከጣለ፣ ቆርቆሮው ድምፅሽን ካስጠፋው፣ ምንም ሳትዪ ደውዪልኝ» አልኳት። ይኸው ነው የማስጠንቀቂያ ሥርዓታችን፤ አንድ ስልክ። ወንዝ ዳር ያላችሁ ሁሉ ከላያችሁ የሚኖር አንድ ሰው ፈልጉ። ዘመድ ከሌላችሁ ሱቅ ያለው ሰው ይሁን። ካርድ ሙሉለት።

ቀጥሎ ወደ እድራችን ሄድኩ። እድር ያለው ነገር ሁሉ ለጎርፍ የሚሆን ነው፤ ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ማን የት ቤት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው አለው። በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተነሳው ሐሳብ ጡሩምባው ይነፋ የሚል ነበር። ጋሽዬ ተቃወሙ። «ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ፊሽካ ሆነ። ሦስት ረጅም ፊሽካ ከተነፋ ጎርፍ ነው፣ ምንም ሳትይዙ ወደ አስፋልቱ። ፊሽካው አራት ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። በእግራቸው መውጣት የማይችሉ ሰባት ሰዎች ስም ተመዘገበ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወጣት ተመደበ። አንደኛዋ እናቴ ናት። መጀመሪያ ስሟ መጻፉን አልወደደችውም ነበር፤ ልጆቹ መጥተው ሲተዋወቋት ቡና አፍልታ አስተናገደቻቸው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ እሑድ ሁላችንም ወጥተን ቱቦውንና ዲቹን እንጠርጋለን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከአንድ ቱቦ አፍ ብቻ ስድስት ማዳበሪያ ፌስታልና ፕላስቲክ ወጣ፣ አንድ ሙሉ ፍራሽም ተጠቅልሎ ተገኘ። የወጣውን ቆሻሻ እዚያው አፋፉ ላይ አትተዉት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። በዚያው ቀን በመኪና እንዲነሳ አድርጉ።

ቤታችን ውስጥ የለወጥነው ብዙ ወጪ የጠየቀ አይደለም። ሶኬቶቹን ሁሉ ከወገብ በላይ አስነሳን፤ ይህን ባለሙያ ነው የሠራው፣ ራሳችሁ አትሞክሩት። የመታጠቢያውን ቀዳዳ የምንደፍንበት በጨርቅና በፌስታል የተጠቀለለ እንጨት ከነድንጋዩ አጠገቡ ተቀምጧል። ለበሩ ሳንቃ አስቆርጠናል፣ አሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎችም አሉን። ማዳበሪያውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ከግማሽ ትንሽ በላይ ብቻ ይሁን፤ ያኔ ተኝቶ ይገጥማል። ስትደረድሩትም እንደ ብሎኬት መጋጠሚያው ላይ ሌላው ይረፍ። ይህ ሁሉ ውሃውን ያዘገያል እንጂ አያቆመውም፣ ስለዚህ ከኋላው ተቀምጣችሁ እንዳትጠብቁ።

በር ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ የጀርባ ቦርሳ ተሰቅሏል። ውስጡ የወረቀቶቹ ዋና፣ የእናቴ የደም ግፊት ክኒን፣ ፓወር ባንክ፣ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሹራብ፣ አንድ ፎጣ፣ ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ዝርዝር ብር አለ። ዝርዝር ያልኩት፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ ክፈሉ የሚባለው ነገር አይሠራም። ከውስጥ በወረቀት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ልጆቼ በቃላቸው ያውቋቸዋል።

ነሐሴ 11 ቀን 2013 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከተማዋ ውስጥ በጎርፍ የሰው ሕይወት የጠፋበት ቀን ነው። ስልኬ ጮኸ፣ የአክስቴ ልጅ ናት። «እየወረደ ነው» ብቻ ነው ያለችው፣ ሌላው በዝናቡ ድምፅ ተዋጠ። ባለቤቴ ብሬከሩን አወረደ፣ እኔ ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ ትልቁ ልጄ ፊሽካውን ነፋ። ሁለቱ ወጣቶች በር ላይ ደርሰው እናቴን አንስተዋታል። አስፋልቱ ላይ ቆመን ሰዓቴን አየሁ፤ ከስልኩ እስከዚያ ሰባት ደቂቃ። ቴሌቪዥኑን ማንም አላነሳውም። ውሃው ከኛ በኋላ መጣ። ሳንቃው ብዙውን ከልክሎት ቤት የገባው እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር፣ የተበላሸብንም አንድ ምንጣፍ ነው። ጋሽዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ስም እየጠሩ ቆጠሩን። ሰባቱም ነበሩ።

ወንዝ ዳር ለማትኖሩም አንድ ነገር ልበል። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ወይም ከመንገዱ ዝቅ ያለ ግቢ ውስጥ ካላችሁ ውሃ ለእናንተም ይመጣል፣ መንገዱ ብቻ ነው የሚለየው። ሕንፃ ሥር መኪና የምታቆሙ፣ ውሃ መግባት ሲጀምር መኪና ላውጣ ብላችሁ አትውረዱ። እኔ ቴሌቪዥን ሳነሳ እናቴን ላጣት ነበር።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። እሷም ውሃና ባትሪ እየገዛች ነው፣ ወቅታቸው ሊገባ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ቦርሳችንን አውርደን ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳን አየን። የትንሹ ልጄ ሹራብ ጠቦታል። ባትሪው ይሠራል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ የክኒኑን ካርቶን ወደ መስኮቱ አዙራ አነበበችው። ጊዜው መጋቢት ላይ አልፎበታል። ሹራቡንና ክኒኑን ነገ እገዛለሁ፣ የቱቦ ጠረጋው እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።